የፋንታ አገልግል

ወልደ ኪዳን ብቸና ላይ ላም ማዳቀል ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። የኮርማ ዘር በበረዶ የሚያቆይበትን የናይትሮጅን ታንኩን ሞተር ብስክሌት ላይ አስሮ ያልገባበት ቀበሌ የለም። ታናሽ ወንድሙ ፋንታ ባለፈው ክረምት ከሞተ ወዲህ ግን ሰውየው ደንዝዟል በቃ! አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ የቀረበለትን ይበላል። ሚስቱ አስናቀች አንድ ቀን ሆን ብላ ሽሮውን ያለ ጨው ብታቀርብለት፣ ጥርግ አድርጎ በልቶ እጁን ታጠበ።

ፋንታ ትቶት የሄደው ፈረሱን ቦራን ነው። የጥምቀት ዕለት ለጉግስ ሲወጣ አገሩ የሚንጫጫለት ድንጉላ ነበር እኮ! አሁን አርጅቶ የኋላ እግሩን ይጎትታል። የፋንታ ሚስት ፈንታነሽ ደግሞ ባዝራዋን ይዛ ሞጣ ወላጆቿ ዘንድ ገብታለች። አንድ ጠዋት ደወለች።

"ዋርሳዬ፣ ባዝራዋ ድንጉላ ፈልጋለች። የቦራን ዘር አሁን ካላስቀረን መቼም አናገኘው።"

"ቦራ ሞጣ አይደርስም።"

"እሱማ የት ይደርሳል! ዘሩን ላክልኝ እንጂ። ለላም ስታደርገው አይደል እንዴ የኖርከው?"

"እሺ" አለ። እሺ ማለት አይከብደውም፤ ያኔ ምንም አይከብደውም ነበር።

ጣጣው ዕቃው ነው። ታንኩ አይሆንም፤ የፈረሱ ዘር ቅባቱ በወጣለት ወተትና በስኳር ተበጥብጦ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ብቻ ነው የሚሄደው፣ በረዶ ሆኖ ከረጋ አለቀለት። ፔርሙሱን አየ፣ አፉ ጠባብ ነው። ከጤና ጣቢያ ሰማያዊ የክትባት ሳጥን ተዋሰ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እጁ የለመደው የላም ዘር ነዋ፤ ለሱ ብርድ በበዛ ቁጥር ደግ ነው። ድንጋይ የሆነ በረዶ ዙሪያውን ደርድሮ፣ የቦራን ዘር የያዘችውን ብልቃጥ በረዶው ላይ አጣብቆ በሚኒባስ ላካት!

ከሰዓት ፈንታነሽ ደወለች። "የእንስሳት ሐኪሟ በማይክሮስኮፕ አየችው። አንድም የሚላወስ የለም አለች።"

"ገደልኩት" አለ፣ ዝናብ ጣለ እንደሚል ሰው።

"ባዝራዋ ድንጉላ የምትቀበለው ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ቦራስ እንደገና ይችላል?"

"አንዴ ይችል ይሆናል።"

ስልኩን ዘግቶ ቤቱን በዓይኑ ሲቃኝ የፋንታ አገልግል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ፋንታ ለጉግስ ሲወጣ ስንቁን የሚይዝበት፣ ቆዳ የለበሰ፣ ስፌቱ ጥብቅ ያለ አገልግል። የምግብን ሙቀት ጠብቆ የሚያውል ቅዝቃዜንስ ለምን አይጠብቅም? በረዶውን በጋቢ ቁራጭ ጠቅልሎ ከታች አስቀመጠ፣ ከላዩ የውሃ ብልቃጥ አድርጎ ከደነና ቴርሞሜትር ይዞ ጠበቀው። አራት ሰዓት ሙሉ ከአምስት ዲግሪ ፈቅ አላለም።

በማግስቱ ቦራ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ዘሩን ሰጠ። ወልደ ኪዳን አገልግሉን አቅፎ መናኸሪያ ወረደ።

"ዶሮ ነው አባ? እኔ ፈረሰኛዋ ትበቃኛለች!" አለው ረዳቱ።

"የፈረስ ዘር ነው። ሞተር አጠገብ እንዳታደርገው።"

ረዳቱ አገልግሉን ከራሱ አራቀና "ኧረ በስመ አብ!" አለ። ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ወልደ ኪዳን ብቻ አልሳቀም።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ፈንታነሽ ታለቅሳለች፤ "ዋርሳዬ፣ ይተራመሳሉ! እኔም አየኋቸው፣ እንደ ገበያ ሰው ይተራመሳሉ! ሐኪሟ አስገባችላት።"

"ደግ" ብሎ ዘጋው። ወደ ጋጣው ሄደና ለቦራ ገብስ ሰጠው። ደረቱ ውስጥ የሚሰማው ነገር ካለ ብሎ ቆም አለ። ምንም።

በሦስተኛው ቀን አገልግሉ ከሞጣ ተመለሰ። የዘመድ አገልግል ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ ፈንታነሽ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ሞልታዋለች። አስናቀች አቀረበችለት። አንዴ ጎረሰ፣ ደገመ። ማኘኩን አቆመ።

"ጨው አንሶታል" አለ።

አስናቀች ለማንሳት የጎነበሰችበትን ማሰሮ ትታ ቀና አለች። ከክረምት ወዲህ ስለ ምግብ ቃል ተንፍሶ አያውቅማ!

"ምን አልክ?"

"ጨው አንሶታል። ፋንታ ቢሆን አይበላውም ነበር" አለ፣ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ።