የፒያኖው ወንበር ህግ

ህጉን ያወጡት ሌሎች ናቸው፣ ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይፉ ናቸው፣ የፈጸምኩት ግን እኔ ነኝ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ይሄን ጥያቄ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ፤ ዛሬ የልጅ እናት ሆኜም መልሱን አላገኘሁትም።

ልጅ ሳለሁ ኬንቲሽ ታውን፣ መንግስት በርካሽ የሚያከራየው አንድ የካውንስል ፍላት ሶስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። እናቴ ሂትሮው አየር ማረፊያ ጽዳት ትሰራለች፣ ሺፍቷ ከሰዓት ስለሆነ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር የሚከፍትልኝ ሰው የለም። ስለዚህ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይፉ ጋ እቆይ ነበር። ጋሽ ሰይፉ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ድስት ያጥባሉ። ያኔ፣ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ብርዱ ሲገባ አስር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፣ እሳቸውም የክፍሉን መብራት ያጠፉና ያችን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻ ይለኩሷታል። ከሁለቱ ብረቶቿ አንዱ ተቃጥሏል፣ ሌላው እንደ ፍም ይቀላል፣ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፤ የሲጋራቸው ጭስ በዚያ ቀይ ብርሃን ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲወጣ እያየሁ፣ እርጥብ ካልሲዬን ለማሞቂያው ሰጥቼ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ እየጠጣሁ ተረቱ ይጀመራል።

የእሳቸው ተረት ውስጥ ጦጣና ጅብ የለም። የአሜሪካ ከተሞች ናቸው ያሉት። ወጣት ሳሉ አስመራ፣ አሜሪካኖች የሚዝናኑበት ክበብ ውስጥ ፒያኖ ይጫወቱ ነበር። እዚያ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሳጅን ራግታይም የሚባለውን፣ ጃዝ ሳይወለድ በፊት የነበረውን ጨዋታ አስተማራቸው፤ ከጨዋታው ጋር ከአያቱ የሰማውን ወሬ ሁሉ ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ ለእኔ።

በትልቁ ወንዝ ዳር፣ ሴንት ሉዊስ በምትባል ከተማ፣ ሀብታም ነጮች የሚጠጡበት ቤት ውስጥ ስለሚጫወት ጥቁር ሰው ነገሩኝ። ቤቱን የሚያስጨፍረው እሱ ነው፣ የሚገባው ግን በኩሽና በር ነው። አንድ ቀን በሱቅ መስኮት የራሱን ዜማ በወረቀት ታትሞ ሲሸጥ ያያል፣ ከላይ የተጻፈው ስም የሌላ ሰው ነው፤ ገብቶ እንዳይጠይቅ ሱቁ ጥቁር አያስገባም። ከኒው ኦርሊንስ ደግሞ ጡሩምባ ነፊ አመጡልኝ፤ ሲነፋ ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው ከቤቱ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ሰልፍ መሃል አእምሮው ጥሎት ሄደ፣ እብድ ቤት ዘጉበት፣ እዚያው አርጅቶ ሞተ።

«ሸክላውስ?» አልኳቸው። «የተቀዳ የለውም?»

«ማን ይቅዳው? ድምፁን ነፋስ ወሰደው።»

«ለምንድነው ሁሉም በክፉ የሚያልቀው፣ ጋሽዬ?»

«ደህና ያለቀውን ማን ያወራዋል፣ አንቺ!»

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የወንበሩ ተረት ነው። ቺካጎ ውስጥ ነው፣ ሰው በባቡር እየተጫነ ከደቡብ ወደ ሰሜን በሚጎርፍበት ዘመን። አንድ የራግታይም ንጉስ የሚሉት ሽማግሌ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። በነዚያ መጠጥ ቤቶች ህግ አለ፦ የሚሻልህ ሰው ከመጣ ከኋላህ ይቆማል፣ ስትሳሳት ይጠብቃል፣ ከተሳሳትክ ጮክ ብሎ «ተነስ» ይልሃል። ትነሳለህ፣ እሱ ይቀመጣል። አንድ ቀን ከሌላ ከተማ የመጣ ጎረምሳ ንጉሱን አስነሳው። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፣ በሳምንቱ ርቦት ተመለሰ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤትም መጥረጊያ ሰጠው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ የዚያን ወንበር ስር የሚጠርገው እሱ ሆነ። ጋሽ ሰይፉ ይሄን ሲናገሩ እስኪያስላቸው ይስቃሉ፤ እኔ ግን ባርኔጣው ያሳዝነኝ ነበር።

ፒያኖ አልነበራቸውም። የሚያስተምሩኝ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በጣታችን እየመታን። «ግራ እጅሽ ዘበኛ ነው፣ አይስቅም፣ ግራ ቀኝ ሳይል ይራመዳል። ቀኝ እጅሽ ሌባ ነው፣ ዘበኛው ሳያየው ይገባል ይወጣል» ይሉኝ ነበር። አንዴ ሌባዬ ከዘበኛው ጋር ከተጋጨ፣ «ተነሺ!» ይላሉ። እነሳለሁ። ግድግዳው ጋ በባዶ እግሬ ያንን ቀዝቃዛ ወለል ረግጬ እቆማለሁ፣ ሲጋራው እስኪያልቅ። ሳለቅስ ይስቃሉ።

«ሙዚቃ አያዝንም፣ ገኒ። ሳጅኑም አላዘነልኝም። እኔም ስሳሳት ያገኘሽኝ ቀን ተነስ በይኝ፣ ህጉ ነው።»

በየቀኑ ያንን ቀን እጠብቅ ነበር። ብዋሽ እግዚአብሔር ይታዘበኛል።

ታዲያ ጋሽ ሰይፉን ማንም አያምናቸውም ነበር። የሰፈሩ ሐበሻ ሲገናኝ፣ በተለይ አቶ ደረጀ የሚባለው፣ የማህበሩን ድግስ ሁሉ የሚያዘጋጀው ሰውዬ፣ «ሰይፉ ፒያኒስት ነበርኩ ይላል አሉ! እሱ የሚያንኳኳው ድስት ነው» እያለ ያስቃል። እናቴም ትስቃለች። አንድ ዓመት ግን ጋሽ ሰይፉ ማህበሩ ለእንቁጣጣሽ የተከራየው የቤተክርስቲያን አዳራሽ ፒያኖ እንዳለው ሰሙና «እኔ እጫወታለሁ» አሉ። ያኔ የትምህርት ቤት ረጅሙ እረፍት ነበር፣ ሙሉውን መጋረጃ ዘግተው ጠረጴዛው ላይ ሲለማመዱ ከረሙ፣ አንዳንዴ እኔን እስኪረሱኝ ድረስ። «አንዴ ይስሙኝ፣ አንዴ ብቻ» ይላሉ ለራሳቸው። ጠረጴዛ የተሳሳተ ድምፅ እንደማያወጣ ያኔ አላሰብኩም፤ እሳቸውም ያሰቡበት አይመስለኝም።

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ልጆች ፊኛ ይረግጣሉ፣ የወረቀት ሰሃን ላይ ዶሮ ወጥ ይታደላል። ጋሽ ሰይፉ ቡኒ ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸውን ቦርሸው፣ ባርኔጣቸውን ፒያኖው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ማንም ቁሚ አላለኝም።

ዘበኛው ጀመረ። እንዴት ያምር ነበር! ግራ እጃቸው አዳራሹን እየረገጠ ሲሄድ የሚያወራው ሰው ዝም አለ፣ አቶ ደረጀ እንኳን ማንኪያውን አቆመ። ከዚያ ሌባው ገባ። ትንሽ ሄዶ ተሰናከለ። እንደገና ጀመሩ፣ እዚያው ቦታ ላይ ተሰናከለ። ጆሮዎቻቸው ሲቀሉ ከኋላ ይታየኛል፤ ሶስተኛ ጊዜ ሊጀምሩ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«ይነሱ!» አልኩኝ።

ድምፄ ቀጭን ነው፣ ግን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ጥግ ድረስ ተሰማ። አቶ ደረጀ ማይኩን አንስቶ «ልጅቷ እንኳን ገባት እኮ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፣ ልክ እንደ ተረቱ። እናቴ በእጇ አፏን ሸፍና ስትስቅ አየኋት። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሱን አልደብቅም። ግድግዳ ጋ የቆምኩባቸው ቀናት ሁሉ የተከፈሉኝ መሰለኝ። እርስዎ እያልኩ፣ በጨዋ ደንብ ነው ያዋረድኳቸው።

ጋሽ ሰይፉ ተነሱ። አልተቆጡም። «ጎበዝ፣ ህጉ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ያስነሳ ይጫወታል። ተቀመጪ» አሉ።

ተቀመጥኩ። እኔ እኮ በህይወቴ ፒያኖ ነክቼ አላውቅም፣ ጠረጴዛ እንጂ። ጣቴን ሳሳርፍ ከበደኝ፣ የወጣው ድምፅ ብረት ሲወድቅ ይመስላል። ደገምኩ፣ ባሰ። ሳቁ እየቀነሰ እየቀነሰ ጠፋ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ጠበቁኝ፤ ተነሺ ግን አላሉኝም። ቢሉኝ እንዴት በወደድኩ። አንዱ ቴፕ ከፈተ፣ ሰው እስክስታ ጀመረ፣ ዞር ስል ጋሽ ሰይፉም ባርኔጣውም የሉም።

ልንሄድ ስንል የአዳራሹ ኩሽና ውስጥ አገኘናቸው። ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የዶሮ ወጡን ድስት ያጥባሉ። ማንም ያዘዛቸው የለም። እጃቸውን ያን ጊዜ ነው በደህና መብራት ያየሁት፦ አብጧል፣ ቀልቷል፣ የቀኝ እጃቸው ትንሿና የቀለበት ጣታቸው እንደ መንጠቆ ታጥፈው ቀርተዋል። ስንት ዓመት በዚያ ቀይ ብርሃን ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ አላየሁም።

«አይ ጋሼ፣ ይተዉት እንጂ» አለች እናቴ፣ አፍራ።

«ሙቅ ነው ውሃው፣ ደስ ይላል» አሉ። እኔን አላዩኝም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከፈቱልኝ። ሻዬን ሰጡኝ፣ ማሞቂያዋን ለኮሱልኝ። ጣቶቼን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ጋዜጣ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ማንበብ ጀመሩ። ሃክኒ የሚባል ሰፈር ቤት ተሰጥቶን እስክንለቅ ድረስ ከዚያ በኋላ አንድም ተረት አልነገሩኝም።

አሁን ሶስና የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። እኔ ትምህርቴን አልገፋሁበትም፣ ማንበብ ይከብደኛል፤ እሷ ወደ ኋላ እንዳትቀር ብዬ ስለምጨነቅ ግን ማታ ማታ የላይብረሪ መጽሐፍ በጣቴ እየተከተልኩ አነብላታለሁ። የጋሽ ሰይፉን ተረቶችም ነግሬአታለሁ፣ የወንበሩንም ጭምር፤ የአዳራሹን ብቻ ትቼ። ሰውየው የት ናቸው ስትለኝ ሞተዋል አልኳት። ባለፈው ሳምንት እያነበብኩላት አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። ሞከርኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ሞከርኩ።

«ተነሺ ማሚ!» አለችኝ፣ እየሳቀች። «ሮንግ ነው! እኔ ላንብበው።»

ተነሳሁ። ከአፌ የወጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ጎበዝ፣ ህጉ ነው።» በእሳቸው ድምፅ። ልጄ መጽሐፉን ይዛ ቀና ብላ አየችኝና ሳቋን አቆመች። ምኑ እንዳስፈራት አላወቀችም።

ጋሽ ሰይፉ አልሞቱም። እናቴ እንደነገረችኝ እዚሁ ሃክኒ፣ ከእኛ በአውቶቡስ አራት ፌርማታ፣ አንድ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ናቸው፤ እጃቸው አይታዘዝም፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሁለቴ ሄጄ ከበሩ ተመልሻለሁ። ይቅርታ ብላቸው ያንን ቀን እንደገና አስታውሼ ማዋረድ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ውሸቴም ህጉም ከልጄ ጋር ሊያድጉ ነው። እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ሽማግሌ ያስቀየማችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ፦ ሶስናን ይዣት ልግባ? ከገባሁስ ከወንበራቸው አጠገብ ስቆም የመጀመሪያው ቃሌ ምን ይሁን?