ወገቤን ያመመኝ ዓመት

ባለፈው ሳምንት ከሁሩታ ወደ አዳማ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር። ዴራን ስናልፍ አንደኛውን እንቅልፍ ጣለውና ራሱን ጓደኛው ትከሻ ላይ አሳረፈ። ጓደኛው ከቁም ነገርም አልቆጠረው፤ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ ሸንኮራውን ይመጥጣል። በአገራችን ይህ ምንም አይደለም። ወንድና ወንድ ተቃቅፎ ይሄዳል፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እኔ ግን በእነሱ ዕድሜ የሰው ትከሻ እንደ እሳት እሸሽ ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው፤ አዳማም ናዝሬት ትባላለች። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ናዝሬት ሄጄ ካልተማርኩ ብዬ አባቴን አስጨነቅኩት። የትምህርት ፍቅር መስሎት ደስ አለው። እኔ የሸሸሁት ግን ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። እወደው ነበር፤ ሌሎቹ ወንዶች ሴት ልጅ እንደሚወዱት። አንድ ቀን፣ ሞኝነቴ፣ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ለሁሉም ነገረ። ያኔ እንደኔ ላለው ሰው ስድብ እንጂ ስም አልነበረም፤ ስድቡን አንድ ሳይቀረኝ ሰማሁት።

ናዝሬት ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቶሎሳ የቡልቡላ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ሲናገር የማይቸኩል። ጀማል የዝዋይ ልጅ ነው፤ ምላሱ አያርፍም። እሁድ ከየቤታችን ስንመለስ እኔ እናቴ በቅቤ ያሸችውን ጭኮ አመጣለሁ፣ ቶሎሳ የበቆሎ ዱቄት፣ ጀማል ደግሞ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ። ክፍላችን እስከ ማክሰኞ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች። ሁሉንም ከአንድ ሳህን እንበላለን።

የጭድ ፍራሽ ግን አንድ ብቻ ነበረን። ተጠጋግተው ቢተኙበት ለሦስት ይበቃል፤ ያን ጊዜ ተማሪ እንዲያ ነው የሚተኛው። እኔ በመጀመሪያው ቀን "ወገቤን ያመኛል፣ ሐኪም መሬት ላይ ተኛ ብሎኛል" አልኩና በር ሥር ሰሌን አነጠፍኩ። አንዳቸውንም በዚያ ዓይን አላየኋቸውም። የፈራሁት፣ የሁሩታውን ነገር የሰሙ ዕለት "ለካ አጠገባችን ይተኛ ነበር" ብለው እንዳይጸየፉኝ ነው። የኅዳር ንፋስ አቧራውን በበር ሥር እያስገባ ፊቴ ላይ ይበትነዋል። እነሱ ፍራሹ ላይ ሆነው ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ብቸኝነት ሰው የሌለበት ቦታ ብቻ ያለ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እኔ ከሁለት ጓደኞቼ ሦስት ክንድ ርቄ ነው የጠገብኩት።

እነሱም አመኑኝ። ውሃ ከቀበሌው ቦኖ በጀሪካን በተራ ነበር የምንቀዳው፤ የኔን ተራ ሳልጠይቃቸው ለሁለት ተካፈሉት። "ሽማግሌው ይረፍ" ይሉኛል።

አሥረኛ ክፍል ሳለን አንድ የሁሩታ ልጅ ወደ ትምህርት ቤታችን ተዛወረ። በዕረፍት ሰዓት ታሪኬን አወራው። ወደ ክፍል ስመለስ ዴስክ የሚጋሩኝ ሁለት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሄደዋል። ስሜ በወጣት ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሲነሳ ታየኝ፤ ወሬው አባቴ ጋ ሲደርስ ታየኝ። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ያቺን የኪራይ ክፍል፣ ቶሎሳንና ጀማልን ማጣቱ ነበር። ሌላ ማን ነበረኝ?

የጠዋት ፈረቃ ስለነበርን በስድስት ሰዓት ቤት ገባሁ። ልብሴን ካርቶን ውስጥ ስከት ሁለቱ መጡ።

"ወዴት ነው?" አለ ቶሎሳ።

"ወደ ሁሩታ።"

"ፈተና ደርሷል እኮ።"

"ሰምታችኋል አይደል?"

"ሰምተናል።" በሩን ዘጋው። "እውነት ነው?"

መካድ እችል ነበር። መሸሽ ሰልችቶኝ ነው መሰለኝ፣ "እውነት ነው" አልኩ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ቶሎሳ ሰሌኑን አየ፣ ፍራሹን አየ። "ለዚህ ነው እዚያ የምትተኛው?"

"አዎ።"

"ወገብህስ?" አለ ጀማል።

"ምንም አይለኝም።"

"ወላሂ ይሄ ሰው ቀልዶብናል። ዓመት ሙሉ ውሃህን ስሸከም ትከሻዬ ተልጧል። እናቴን ሳይቀር ለወገቡ ቅባት ላኪለት ብያት አልነበር?"

ልካለች፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀብቼዋለሁ። ጀማል የምሩን ነበር የተቆጣው። በሌላው ነገር ይወርድብኛል ብዬ የጠበቅኩት ቁጣ ሁሉ ለውሃው ሆነ።

"ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሰኔ ውሃ የምትቀዳው አንተ ነህ" አለኝ።

ቶሎሳ ሰሌኑን ጠቅልሎ ጥግ አቆመው። "መሃል ነው የምትተኛው። ጀማል ይራገጣል፣ ትንሽ ተካፈለኝ።" ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ "ይሄ ነገር ይለቅህ ይሆን?" አለኝ።

"አይመስለኝም።"

"እሺ" አለ። ከዚያ በላይ የገባው አይመስለኝም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም።

ጀሪካኑን ይዤ ስወጣ ቦኖው ጋ የትምህርት ቤታችን ልጆች ተሰልፈዋል። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ልመለስ ስል ሁለቱ ከኋላዬ መጥተው ግራና ቀኜ ቆሙ። ጀማል ማንንም ሳያይ ጮክ ብሎ "አቦ፣ ወገቡ ድኗል" አለ።

ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ሦስታችን ፍራሹ ላይ ተጋደምን። እንደ እንጨት ደርቄ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። ጀማል እንቅልፉ ውስጥ ሆኖ በጉልበቱ ሲመታኝ እንባዬ መጣ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ክፍል ውስጥ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዴስኬ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። እነሱ የሚማሩት ሌላ ክፍል ስለነበር ይህን ሊያስተካክሉልኝ አልቻሉም።

ቶሎሳ ትምህርቱን ሳይጨርስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ ከሰሜን አልተመለሰም። ጀማል ዝዋይ ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ። እኔ አስተማሪ ሆኜ እዚሁ አዳማ ብቻዬን ኖርኩ። "ለምን አላገባህም?" ብሎ ያልጠየቀኝ ዘመድና ጎረቤት የለም፤ ከጀማል በቀር።

አምና ክረምት እሱም ሞተ። ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ለቅሶ ስደርስ የመጨረሻ ልጁ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ አባባን በምን ነበር የሚያውቁት?"

ልነግረው ፈልጌ ነበር። ድንኳኑ ግን ሰው ሞልቶበታል።

"አብረን ተምረናል፣ ልጄ" አልኩት።

እንደማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ፈጣሪ ያጽናችሁ ብዬ ወጣሁ። ማን መሆኔን የሚያውቅ የመጨረሻው ሰው እንደሞተብኝ፣ ማጽናኛ ለእኔም ይገባኝ እንደነበር፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የሚያውቅ አልነበረም።