የሎሚ ጉርሻ

ልጅቷ ቤት ስትገባ ወሬዋ እንደማያልቅ እናቷ ምላ ትነግረኛለች። እኔ ክፍል ውስጥ ግን ከመስከረም ጀምሮ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም። ስሟን ስጠራ እጇን ታወጣለች፣ በቃ። አንደኛ ክፍል ናት፤ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ፣ ወሰን ሰፈር ከመጡም ገና መንፈቅ አልሞላቸውም። ርእሰ መምህሩ «ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ካልተናገረች ወደ ኬጂ ትመለስ» ብለዋል። ፊደሉን አብጠርጥራ ታውቃለች፤ የእጅ ጽሑፏማ ከእኔ ይሻላል! እናቷ በየቀኑ በር ላይ ትጠብቀኝና «ዛሬስ?» ትለኛለች። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ።

አንድ አርብ የፍራፍሬ ትምህርት አዘጋጀሁ። ፍራፍሬን የመረጥኩት ጿሚውም የማይጾመውም አብሮ ስለሚበላው ነው፤ ምሳ ዕቃ በተከፈተ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ሰልችቶኛል። ጠዋት ላምበረት ከጋሪ ላይ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱንና ሎሚ ገዛሁ። በቀለም ለየናቸው፣ የብርቱካኑን ፍሬ እየለቀምን ቆጠርን፣ ጠረጴዛው ሁሉ ተጨማለቀ። በመጨረሻ ሻርፔን አወለቅሁ። ጨዋታው ቀላል ነው፤ አንዱ ዓይኑ ይሸፈናል፣ ሌላው ያጎርሰዋል፣ የጎረሰው የፍሬውን ስም ይናገራል። ያቺን ልጅ አጉራሽ ያደረግኳት መናገር እንዳይጠበቅባት ብዬ ነው።

የደረሳት የክፍሉ ረባሽ ነበር። የሎሚ ቁራጭ ይዛ ስትጠጋው አሸተተና ጠረጠረ።

«አልበላም! ይኮመጥጣል!» ብሎ ከንፈሩን ገጠመ።

እጇን እንደዘረጋች ቆመች። አሳዘነችኝና ላግዛት ስነሳ፣

«በሞቴ!» አለችው።

ባለሁበት ቀረሁ።

«አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!»

ልክ እንግዳ እንደምታስተናግድ ትልቅ ሴትዮ። ማንም አላስተማራትም፤ ቤቷ ገበታ ላይ ስትሰማው ያደገችው ነው። ጉርሻ ይዞ ዝም ብሎ የቆመ ሰውስ የት አይቼ አውቃለሁ? ልጁ ተሸነፈና አፉን ከፈተ። ፊቱ ሲጨማደድ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። በሳቁ ደንግጣ ተመልሳ ዝም ትላለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ከሁሉም በላይ ትስቅ ነበር።

«ሎሚ!» ብሎ ጮኸ።

«ጎበዝ!» አለችው።

ወደ መስኮቱ ዞሬ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ የማይ መሰልኩ፤ እያለቀስኩ ነበር።

ማታ ስንወጣ እናቷ እንደ ልማዷ በር ላይ ቆማለች። «ዛሬስ?» አለችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጅቷ በሶፍት የጠቀለለችውን የሎሚ ቁራጭ ከኪሷ አወጣችና በእግር ጣቶቿ ቆማ ወደ እናቷ አፍ ዘረጋች። እናትየው ሽታው ገብቷት ከንፈሯን ገጠመች። ልጅቷም ወደ እኔ ዞራ፣

«ቲቸር፣ እምቢ አለችኝ። እስኪ እርስዎ ይለምኑልኝ» አለች።

እናቷ እኔን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከመገረሟ የተነሳ አፏ ተከፈተ። ልጅቷም ጊዜ አላባከነችም፣ አጎረሰቻት።