አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተወቃው ጤፍ

ለአውሮፕላን ማረፊያ የጉምሩክ ፈቃድ ለማውጣት የሞከረ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ቡሬ ድረስ መጥቶ ያጽናናኝ።

የምሠራበት የአበባ እርሻ ከቡሬ ወጣ ብሎ የራሱ ማረፊያ አለው። ማረፊያ ስል በሮለር የተዳመጠ ቀይ መሬት ነው፤ ባለቤቱ ከአዲስ አበባ በትንሽ አውሮፕላን ይመላለሱበታል። ያን ዓመት ከናይሮቢ የሚመጡ የዓይን ሐኪሞች መሣሪያቸውን ጭነው በቀጥታ እዚያ ሊያርፉ ፈለጉ። ከውጭ አገር የሚመጣ አውሮፕላን ግን ጉምሩክ ያልፈቀደው ቦታ ላይ ማረፍ አይችልም። ፈቃዱን የማስጨረስ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ ተሰጠኝ ከምል ለምኜ ወሰድኩት ብል ይሻላል። ከእርሻው አጥር ማዶ የምትኖረው እናቴ ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ከተሸፈኑ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሐኪሞቹ ደግሞ የሚቆዩት አራት ቀን ብቻ ነው።

እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። የመሬቱን ደብዳቤ ከፍኖተ ሰላም አመጣሁ። አጥር ይታጠር ተባለ፣ ታጠረ። ዕቃ የሚፈተሽበት ክፍል ይሠራ ተባለ፣ ተሠራ። ክፍሉ ሚዛን ይኑረው ተባለ፣ ሚዛን ገባ። ከዚያ ደግሞ የክፍሉ በር ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ በጉምሩክ እጅ ይሁን። ይህን ሁሉ አንድ ቀን፣ አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ምን ይከብዳል? ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሱ ደምበጫ ላይ በቆመ ቁጥር ለብቻዬ እያጉረመረምኩ የተሳፋሪ መሳቂያ ሆንኩ።

በመጨረሻ ታኅሣሥ ላይ፣ ሐኪሞቹ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ የጉምሩክ ተቆጣጣሪው ቦታውን ሊያይ መጣ። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ሰላምተኛ የከተማ ሰው ነው። የአጥሩን በር አልፈን ገባን። ማረፊያው መሐል ላይ ስድስት በሬዎች ይዞራሉ።

ማመን አቃተኝ። መሬቱ በእበት ተለቅልቆ አውድማ ሆኗል፤ ጤፍ ተከምሯል፤ ጎረቤቶቻችን መንሽ ይዘው ጭዱን ያገላብጣሉ። ደሜ ፈላ። "አቁሙ!" እያልኩ ስሮጥ ተቆጣጣሪው ተከተለኝ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

"ጌታው፣ ኧረ ጫማዎን ያውልቁ! አውድማ በጫማ ይረገጣል?"

አወለቀ። በነጭ ካልሲው እበቱ ላይ እየተራመደ ዞሮ አየና ማስታወሻው ላይ ጻፈ። አጮልቄ አነበብኩት፤ "ቦታው ለሌላ አገልግሎት እየዋለ ነው" ይላል።

"የማን ጤፍ ነው? ማን ነው ያስገባችሁ?" ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩኝ። "የእናትህ ነዋ! አንተ ወረቀት ስታሳድድ ማሳው ላይ ሊረግፍ ደረሰ። በደቦ አጨድንላት። የእናንተ አውድማ ተሰነጣጥቋል፤ ይኸ ግን ድንጋይ የለው፣ ጉድጓድ የለው። ዘበኛውም ያንተ እናት መሆኗን ሲሰማ ከፈተልን።"

እናቴ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ድምፄን ለይታ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ልጄ፣ ምን አጥፍተው ነው የምትቆጣቸው?"

ማፈሩን አፈርኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ተቆጣጣሪውም ጫማውን እያሰረ ሌላ ቀጠሮ የሚኖረው ከወር በኋላ እንደሆነ በትሕትና ነገረኝ። ሐኪሞቹ ያን ያህል አልጠበቁም፣ ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስለ መምጣት ያነሣ የለም።

ፈቃዱ በሐምሌ፣ ማረፊያው ጭቃ ሲሆን ደረሰ። ወስጄ እናቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። ወረቀቱን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች፣ "ማኅተሙ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። ጣቷን ይዤ ክቡን ሰማያዊ ቀለም አስነካኋት። ደጋግማ ዳሰሰችው።

"እዚህ ጋ እኮ ምንም የለም፣ ልጄ" አለች።