በትልቁ መኪና አልሄድም ያለችው ሙሽራ

የአዲስ ጎማ ሽታ በአፍንጫዬ ሲገባ ያደግሁባት ከተማ ቡሬ ትመጣብኛለች። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ቁመቱ ከአጥራችን በላይ የሆነ መኪና ገዝቶ፣ ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ በር እየከፈተ ያስጎበኘን ነበር። የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። «ከእንግዲህ ልጆቼ ምንም አይሆኑም፤ ይኼ እኮ ብረት ነው» አለና ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ አሉት፤ እኔም አልሁት። ግን አፌን መያዝ አልቻልሁምና «የሚነዳው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እንደ ምቀኛ አየኝ። ይየኝ! ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቅሁት እኔ አይደለሁም። ታላቅ እህቴ ናት፤ እሷም የጠየቀችው ሽማግሌ ፊት ነው፤ መልሱን ራሷ የሰጠችው ደግሞ በሰርጓ ቀን፣ ቬሎ ለብሳ፣ ዳስ ሙሉ ሰው ፊት ነው።

ጊዜው ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነበር። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የሚወስደው መንገድ ገና ጠጠር ስለነበር በበጋ አንድ መኪና ሲያልፍ አቧራው እስኪጠራ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው። አባታችን ቡሬ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበረው። እናታችን እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች ሁለታችንንም ያሳደገን እሱ ነው። ቅንድቡና ጆሮው ውስጥ ሳይቀር ዱቄት አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ከወፍጮው ጩኸት ጋር ሲታገል ስለሚውል ቤት ገብቶም «ውኃ ስጡኝ» የሚለው እየጮኸ ነበር። የማያውቀው ሰው ሁልጊዜ የተቆጣ ይመስለዋል።

አንድ ዓመት ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት ሚኒባስ ተገለበጠች። ሰው ለማውጣት ከሮጡት አንዱ አባታችን ነበር። ማታ ሲመለስ እጁን ሲታጠብ፣ ደግሞ ሲታጠብ ቆይቶ ራት ሳይበላ ተኛ። ያየውን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረን፤ «እንደ ጣሳ ነው የተጨማደደች» አለ። ከዚያ ወዲያ እሱ ራሱ ትንሽ መኪና ላይ አልወጣም፤ እኛም እንድንወጣ አልፈቀደም። ደምበጫ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ ሚኒባሶቹ ሞልተው ሞልተው ሲወጡ እያየን፣ መነኸሪያው ግንብ ላይ ተቀምጠን፣ ትልቁ አውቶቡስ እስኪመጣ ፀሐይ ይመታን ነበር። «ትልቅ ብረት ሰውን ያቅፋል» ይለን ነበር።

እንግዲህ እህቴ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ፣ መምህርት ሆና፣ ከፍኖተ ሰላም ሽማግሌ ተላከባት። ሽማግሌዎቹ ስለ ዘር ማንዘር፣ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ቤቱ ሊጠየቁ ተዘጋጅተው ነው የመጡት። አባታችን ስለ አንዱም አልጠየቃቸውም። ጋቢውን አስተካክሎ «እኔ የምለው አንድ ነው። ልጄ ከዚህ ቤት በትንሽ መኪና አትወጣም» አላቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው የሙሽራው አጎት ነበር፤ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ያለው ሰው። ደስ ብሎት «ይችማ ቀላል ናት! የኛን መኪና ያክል ከዚህ እስከ ደብረ ማርቆስ የለም» አለ።

እህቴ የእጅ ውኃ ይዛ ቆማ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ሴት ልጅ ዓይኗንም ማንሳት የለባትም፤ እሷ ግን «አባየ፣ የሚነዳውስ ማን ነው?» አለች። አባታችን ሳያያት «አንች ዝም በይ፤ ይኼ የሽማግሌ ነገር ነው» አላት። ያን ዕለት ጥያቄው በዚያው ቀረ።

ሰርጉ በጥር ነበር። ዳሱ በእርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስለተከደነ ፀሐዩ ሲበረታ ሽታው ጉሮሮ ይከረክር ነበር። ረፋዱ ላይ ያ መኪና መጣ። ክላክሱ ሲነፋ በሰፈሩ ያሉ ውሾች በሙሉ ጮኹ። በአበባና በፊኛ ተሽቆጥቁጧል፤ በጎኑ ላይ ግን የሳምንቱ የበቆሎ ብናኝ ገና አልተራገፈም። በኛ ጠባብ መንገድ ሊገባ ሲል የጎረቤታችንን አጥር ጥግ ገፍቶ ጣለ፤ «ለሰርግ ነው፤ ይሁን» ተባለ። እኛ ልጆች ጎማው አጠገብ እየቆምን ቁመታችንን ተለካካን። እኔ ከጎማው ብዙም አልበልጥም ነበር። እዚያ ላይ ወጥቼ እየዘፈንሁ ፍኖተ ሰላም ልገባ ነው! ከሙሽራው ይልቅ የጓጓሁት ለመኪናው ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ነገር በደንብ ስሙኝ፤ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ሰርግ ሾፌር ትልቅ እንግዳ ነው። አባታችን አጎትየው የቀጠረውን ሾፌር ከቄሶቹ ቀጥሎ አስቀመጠው። ከዚያ ለአስተናጋጅ ሳይተው በገዛ እጁ አረቄ ይቀዳለት ጀመር። በየብርጭቆው «ልጄን አደራ!» ይለዋል። ሾፌሩ ይጠጣል። አባታችን ዞር ብሎ ይመለስና «እናት የላትም፣ አደራ!» ብሎ ይደግመዋል። የአደራ ብርጭቆ እንቢ ማለት አደራውን እንቢ ማለት ስለሚመስል ሰውየው ደግሞ ይጠጣል። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ መጀመሪያ ላይ እጁን ብርጭቆው ላይ ጋርዶ «ይብቃኝ ጋሼ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባታችን ግን ልጁን ለመጠበቅ ብሎ ሰውየውን አሰከረው። እህቴ ፊት ለፊት የሙሽራ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ በዓይነ ርግቧ ውስጥ ሆና፣ ሁሉንም ታያለች።

የመሄጃው ሰዓት ሲደርስ ሙሽራው ቀድሞ ጋቢና ገባ። እኛ አጃቢዎች፣ ሴት ወንዱ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፣ ከኋላ ጭነቱ ቦታ ላይ ቆመን ከበሮ እየመታን ነው። ሾፌሩ ወደ በሩ ሲሄድ አንዴ ጎማውን ተደግፎ ቆመ። ሚዜዎቹ እህቴን ደግፈው ሊያወጧት ክንዷን ያዙ። እሷ ዓይነ ርግቧን ገለጠችው።

«በዚህ መኪና አልሄድም» አለች። «ሾፌሩ ሰክሯል። እነዚያንም ልጆች አውርዱልኝ።»

ከበሮው ቆመ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አባታችን እየጮኸ መጣ፤ የዚያን ቀን ግን የእውነት ነበር የተቆጣው። «ስለ አንች ብዬ ያስመጣሁትን መኪና! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?» አላት።

«አባየ፣ እርስዎ የለኩት ብረቱን ነው፤ ሰውየውን አልለኩም» አለችው።

የሙሽራው አጎት ከጋቢናው ደረጃ ላይ ቆሞ «እንግዲያው ልጃችንን ይዘን እንመለሳለን፤ ሴትዮዋ እንደወደደች ትሁን!» አለ። ቀልዱን አልነበረም። በዚያ ዘመን ሙሽራው ጥሏት የሄደ ሴት ልጅ ምን እንደምትባል ታውቁታላችሁ። እህቴ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ያኔ ሙሽራው ተንጠላጥሎ ወረደ። ሲወርድ የኮቱ ኪስ በሩ እጀታ ላይ ተይዞ ተተረተረ። ዓይነ አፋር ልጅ ነው፤ አንገቱ ድረስ ቀልቷል። አጎቱን ቀና ብሎ አየና «አጎቴ፣ እኔም እፈራለሁ» አለ። በጎጃም መሬት፣ በሰርጉ ቀን፣ በሚዜዎቹ ፊት እፈራለሁ ያለ ወንድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እኔ ለእህቴ ባል ያለኝ ክብር ከዚያች ቃል ይጀምራል።

እንግዲህ በጋሪ ተሄደ። ባለጋሪዎች ድግሱን ብለው በር ላይ ቆመው ነበር፤ የአንዱ ፈረስ ግንባሩ ላይ ቀይ የክር አበባ ነበረው። እህቴ ለመሰናበት ጎንበስ ብላ የአባታችንን ጉልበት ልትስም ስትል ጉልበቱን ሰበሰበ። ሳትመረቅ ወጣች። እኔ ከመኪናው ላይ እያለቀስሁ ተጎትቼ ወርጄ፣ ጋሪው ላይ እግሯ ሥር ተቀመጥሁ። ፍኖተ ሰላም ድረስ አኩርፌያት ነበር።

መንገድ ላይ ያ መኪና ክላክሱን እየነፋ አለፈን። አጎትየውና ያልወረዱ ጥቂት ሰዎች ላዩ ላይ እየዘፈኑ ነበር። የእህቴ ቬሎ አፈር መሰለ። ትንሽ እንደሄድን ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ከነአህያዋ ቦይ ውስጥ አገኘን። መኪናው እየተወላገደ ሲመጣባት ዘላ ነው የገባችው። በርበሬዋ ተበትኗል። እህቴ ከጋሪው ወርዳ፣ ቬሎዋን ሰብስባ፣ እያስነጠሰች በርበሬ ለቀመች። ሙሽራውም ለቀመ። ሴትዮዋ «ኧረ ሙሽራየ፣ ተይ በማርያም!» እያለች ታለቅስ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደረስን። መኪናው ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ አንድ ጭረት የለበትም። አጎትየው «እንዴት ነው ጋሪው? ተመቸ?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

ለዓመታት የተነገረንም ይኸው ነው። «ምን ሆነ? በሰላም ገባ አይደል?» ይሉናል። አባታችንም ስሟ በተነሳ ቁጥር ይህንኑ ይል ነበር። ገባ፤ አልክድም። ታዲያ በሰላም የገባ ሁሉ ትክክል ነበር ማለት ነው? ትልቅነቱ ላዩ ላይ ላሉት ሆነላቸው እንበል፤ ቦይ ውስጥ ለገባችው ሴትስ? እሷን ማን ጠየቃት? እኔ ይህን ስል «አሁንም አልተውሽውም?» ይሉኛል። አልተውሁትም። ወደፊትም አልተወውም።

አባታችን የመልሱን ድግስ ሰረዘ። ቤቷንም አልረገጠም። ስትወልድ ማርና ቅቤ በእኔ እጅ ላከላት፤ እሱ ቀረ። እሷ በየበዓሉ «አባየ ይመጣል?» ብላ ትጠይቀኝ ነበር። ልጁ ድክ ድክ አለ፣ መሮጥ ጀመረ፣ አያቱን ግን አያውቅም።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ምንም በዓል ሳይሆን፣ አባታችን ጸጉሩን ከዱቄት አጥቦ «ተነሽ፣ ፍኖተ ሰላም እንሄዳለን» አለኝ። መነኸሪያው ውስጥ ትልቁ አውቶቡስ ቆሞ ነበር። አባታችን ወደ ሾፌሩ ሄዶ ጉንጭ ለጉንጭ ሳመው፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። እንደ ዘመድ ነው የሳመው። ከዚያ ትቶት ወደ ሚኒባሷ ሄደና የእሷንም ሾፌር እንዲሁ ሳመ። ተመልሶ «ሚኒባሷ ውስጥ ግቢ» አለኝ። ደነገጥሁ። «ሰዎቹን ያውቋቸዋል?» አልሁት።

«አላውቃቸውም» አለ። «የአውቶቡሱ ጠጥቷል።»

ጋቢና ተቀምጦ መንገዱን በሙሉ የመቀመጫውን ብረት እንደጨበጠ ሄደ። እጁ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ዱቄት አልነበረም።

እህቴ በሩን ከፍታ አየችው። «አውቶቡስ አግኝታችሁ ነው?» አለች።

«አውቶቡስማ ነበረ» አለ አባታችን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ። «ሾፌሩን ስስመው አረቄ ሸተተኝ። በትንሿ መጣን።» እህቴ በሩን እንደያዘች ቀረች። «ምን ታይኛለሽ፣ ውኃ አምጭ እንጅ» አላት። እሷ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነባት። ልጇን አንሥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

ስንመለስ አፌን መያዝ አልቻልሁም። «አባየ፣ ተሳስቼ ነበር ቢሏት ምን አለበት?» አልሁት። መስኮቱን እያየ «ሄድሁ አይደል?» አለኝ። እህቴ በቃኝ አለች፤ ለእሷ ያ መምጣቱ ይቅርታ ነበር። እኔን ግን አልበቃኝም። አንዲት ቃል ቀርታዋለች እላለሁ፤ ያችን ቃል ሳይላት አልጋው ላይ፣ ቡሬ፣ በሕመም ሞተ። ሲቀበር እሷ አልተከራከረችውም። እኔ በልቤ እየተከራከርሁት ነበር።

እስከ ዛሬም ስለ መኪና ትልቅነት የሚያወራ ሰው ካገኘሁ ዝም አልልም። በሰርግ ቤትም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በሥራ ቦታም አንድ ናት ጥያቄዬ። አባየ ቢኖር ድምፁን ከወፍጮው በላይ አድርጎ «አንች ምን ታውቂያለሽ!» ይለኝ ነበር፤ እኔም ጮኼ እመልስለት ነበር፤ እንዲህ እያልን ይመሽልን ነበር። አሁን የምከራከራቸው ሰዎች ቶሎ እሺ ይሉኛል።