የአማረች ሪፈር ወረቀት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። እናንተ ስሙኝ።

ባለቤቴ አማረች ሻንቶ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። እኔ እዚያው ሻንቶ መምህር ነኝ። አንድ ሰሞን ከገበያ ስትመለስ ፊቷ ግሎ፣ ላብ አጥምቋት ትገባ ጀመር። ተቅማጥም አልለቅ አላት። እኔ ምን አልኩ? «አረቄ ቀምሰሻል» አልኳት። ማለችልኝ፤ አላመንኳትም።

ጤና ጣቢያ ስትታይ፣ ሶዶ ሄዳ ሲቲ ስካን እንድትነሳ ሪፈር ጻፉላት። ወረቀቱን እኔ ደበቅኩት። አዎ፣ እኔ። ሐኪሞቹ መጠጥ ነው ቢሉ ስሜ ይጠፋል ብዬ፣ ከማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። አማረች ፍራሹን ገልብጣ፣ ቅርጫቷን አራግፋ ፈለገችው። ስታጣው ይቅርታ የጠየቀችው እኔኑ ነው።

«ጣልኩት መሰለኝ፤ አትቆጣኝ።»

አልቆጣም አልኳት። ይቅር ባይ ሆኜ!

ከአምስት ወር በኋላ ገበያ መሐል ወደቀች። ሶዶ ወስደናት ሲቲ ስካን ተነሳች። ዶክተሩ ምስሉን እያሳየ አስረዳን፤ አንጀቷ ላይ ዕጢ አለ፣ ከእሱ የተዛመተም ጉበቷ ላይ ይታያል። ፊቷን የሚያግለው ዕጢው ወደ ደሟ የሚረጨው ነገር ነው።

«ለምን ይህን ያህል ዘገያችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«ወረቀቱን ጥዬው ነው ዶክተር። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

አጠገቧ ቆሜ ነበር። አፍ አልነበረኝም?

እግዚአብሔር ግን አዘነላት። ዕጢው ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ሆነ። የአንጀቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ለጉበቷ በየወሩ መርፌ ትወጋለች። በየስድስት ወሩ ምስል ትነሳለች። ዶክተሩ አዲሱን ምስል ከድሮው ጎን አድርጎ ሲያስተያይ እኔ ፊቱን ፊቱን አያለሁ። ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን ነው፤ ባለፈው ሳምንትም «አላደገም» አለን። ተመስገን! ያን ሐኪም፣ ያን የምስል ማንሻ መሣሪያ የሚያሠሩትንም ልጆች እጃቸውን ይባርክልኝ። ሚስቴ ዛሬም ቤቴ ውስጥ ትስቃለች። ይህ ለኔ የሚገባ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ከሆስፒታል ወጥተን ባጃጅ ውስጥ ስንገባ እጄን ያዘችና «አንተ ባትኖር ይኼኔ አፈር ሆኜ ነበር» አለችኝ። ምስጋናዋን ተቀበልኩ። ያን ቀን እንደገና በደልኳት።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለእሷም እነግራታለሁ። አላወቅኩም ነበር አልላትም። መምህር ነኝ፤ እንግሊዝኛ አነባለሁ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ «በአስቸኳይ» ይላል። የደበቅኩት አንብቤው ነው።