ባሕር ዛፌና የእናቴ መንገድ

የጋሞ ደጋ ሰው ሰላማዊ ነው ይላሉ። አይደለም። የተወለድኩባት ቀበሌና ጎረቤት መንደሮቿ የሚጣሉበት ነገር አጥተው አያውቁም፤ በወሰን፣ በጥጃ፣ በሰላምታ አሰጣጥ ሳይቀር እንጣላለን። ሰላማዊ ብንሆን ኖሮ ሽማግሎች ለዕርቅ የሚቀመጡበት ሜዳ፣ ዱቡሻ፣ በየመንደሩ ባላስፈለገን ነበር። በሽተኛ የሌለበት አገር በየማዕዘኑ ሐኪም ቤት አይሠራም።

ዘንድሮ ዱቡሻ ላይ ከሳሽ ሆኜ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከእናቴ ደጅ ወደ ማዶው መንደር የሚወስደውን የእግር መንገድ ጎረቤታችን በእሾህ አጠረው። ማዶ የእናቴ ታላቅ እህት አለች፤ ከአልጋ አትነሣም። በመኪናው መንገድ ዞሮ መሄድ ደግሞ በእናቴ ጉልበት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ከምኖርበት ከተማ፣ ከሴቻ፣ አራት ገጽ ጽሑፍ ይዤ ወጣሁ፤ ስለ መንገድ መብት፣ በአንቀጽ የተከፋፈለ።

የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ የእሱን ሰማን። ያንተስ ጥፋት?»

እዚያ ከሳሽ አስቀድሞ የራሱን ይናገራል። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ሰው ብዙ ሲያነብ ግን ደንብ ለሌላው የተሠራ ይመስለዋል።

«እኔ ጥፋት የለብኝም፣ አባቴ።»

«ጥሩ። እንግዲያው እንቀመጣለን።»

ተቀመጡ። ጉሙ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። አንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ማንቀላፋት ጀመረ። ትዕግሥቷ ያለቀው ከሜዳው ዳር የቆመችው እናቴ ናት።

«አንተ! ባሕር ዛፉን ንገራቸው እንጂ! እህቴ እስክትሞት ልትገተር ነው?»

ነገርኳቸው። ከጎረቤቴ እንሰት ጥግ አሥራ ሁለት ባሕር ዛፍ ተክያለሁ። እንሰቱ እየቀጨጨ መሆኑን ሁለት ጊዜ ነግሮኝ፣ «ዝናብ አንሶት ነው» ብዬዋለሁ። በአራቱ ገጽ ውስጥ ይህ የለም።

ጎረቤቴ ተነሣ። «እኔም መንገዱ የሁላችን እንደሆነ አውቃለሁ። የእናትህን እግር እያየሁ ያጠርኩት አንተን እንዲያምህ ነው።»

ሽማግሎቹ ጨረሱት፦ አጥሩ ዛሬውኑ ይነሣል፤ ዛፎቹ እስከ መስቀል ይቆረጣሉ፤ ካልተቆረጡ እሾሁ ይመለሳል። እናቴ ምርቃቱን እንኳ አልጠበቀችም፤ ማዶ ተሻገረች።

እስካሁን አምስቱን ጥያለሁ። ሰባቱ ቆመዋል፣ ለመስቀል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ መጥረቢያዬም ዶልዱሟል። አንባቢዬ፣ ሰላማዊነታችንን ማድነቁን ተውና መጋዝ ካለህ አውሰኝ።